ግመሏን መሸጥ ያቃተው ደላላ

ማሃድ ጅግጅጋ ውስጥ የግመል ደላላ ነው። ከሀርሺን የመጡ ሰዎችን ከግመሎቻቸው ሲያለያይ ያረፍዳል። ከሰዓት በኋላ ደግሞ በእኔ ልብስ ስፌት ቤት በረንዳ ላይ ምንጣፍ አንጥፎ፣ በእጅ በሚያዝ መሣሪያ ጌም ይጫወታል።

የጌሙን የመጀመሪያ ክፍል ከወንድሜ ከመልአክ ጋር እየተቀባበሉ ነው የጨረሱት። ሁለተኛው ክፍል ከድንበሯ ከተማ ከውጫሌ ሲመጣለት የመልአክ አርባ ወጥቶ ነበር። ማሃድ ለእሱ ሲል እስከ መጨረሻው ሊደርስ ተነሳ። እኔም ቻርጅ አደርግለት ጀመር።

"እንዴት ነው አዲሱ?" እለዋለሁ፣ ከስፌት መኪናዬ ቀና ሳልል።

"ውሃው ያምራል። ግን መንገዱን በቀስት ያሳይሃል። የመጀመሪያው ስትጠፋ እንኳ ዝም ይልህ ነበር፤ ይሄኛው ሳትጠፋም ይመራሃል። ደግሞ አንዲት ወፍ አለች፣ አፏ አያርፍም።"

"ካንተ ትብሳለች?"

"እኔ እንኳ ኮሚሽን አለኝ!"

እንዲህ እያማረረ ግማሹ ላይ ደረሰ። እዚያው ቆመ።

ግማሹ ላይ ባሕር አለ። ባለ ጀልባው ማሃድን የሚያሻግረው ዕቃውን ተሸክማለት የመጣችውን እንስሳ ትቶ ከሄደ ብቻ ነው። በመጀመሪያው ክፍል እስከ መጨረሻው አብራው ትሄድ ነበር። እንስሳዋ ቀንድ አላት፤ ማሃድ ግን ግመል ናት ብሎ ወስኗል። ባለ ጀልባው "ትተዋታለህ?" ሲለው "አይ" የሚለውን ይጫናል። ወፏ ትለምነዋለች፣ ቀስቱ ወደ ጀልባው ያመለክታል፣ እሱ ግመሏን ይዞ ዳርቻ ለዳርቻ ይዞራል። ሳምንታት እንዲህ አለፉ።

አንድ ቀን ሚስቱ ኢቅራ ምሳ ይዛለት መጥታ አየችው።

"ጠዋት የስንቱን ሽማግሌ ግመል ሸጠህ፣ ይቺ ባትሪ የምትበላዋ አቃተችህ?"

"የጠዋቶቹ የሰው ናቸው። የራሱን ግመል ራሱ ሲሸጥ ማንን አየሽ? ባለቤቱ ዞር ይላል፣ ደላላ ይጨርሳል።"

"እንግዲያው ደላላ ያዛ!"

እሷ ለቀልድ ነበር ያለችው። ማሃድ ግን ዞሮ እኔን አየ። ፎጣውን ከትከሻው አውርዶ እጄ ላይ ጣለና ከሥሩ ጣቶቼን ያዘ። ገበያ ላይ ዋጋ የሚነጋገሩት እንዲህ ነው፣ በጨርቅ ሥር፣ ጣት በጣት፣ ሌላው ሰው እንዳያውቅ። አሁን የሚነገር ዋጋ አልነበረም። ጣቶቼን ይዞ ቆየ። ኢቅራ መሳቋን ተወች።

ከዚያ መሣሪያውን ሰጠኝና እንደ ባለ ግመል ፊቱን ወደ መንገዱ አዞረ።

ጌም ተጫውቼ አላውቅም። የቱን ቁልፍ እንደምጫን ኢቅራ አሳየችኝ። ተጫንኩ። ጀልባው ተነሳ። ወፏ ለመጀመሪያ ጊዜ ዝም አለች።

"አለቀ?" አለ ሳይዞር።

"አለቀ።"

"ግመሏስ ምን አደረገች?"

"ሣር እየበላች ነው።"

"ቀና እንኳ አላለችም?"

"አላለችም።"

"እውነተኞቹም እንዲሁ ናቸው" አለ። ቅር ብሎት ነበር። መሣሪያውን ተቀብሎኝ ትንሽ ተጫወተ፤ ማዶው ጭጋግ ነበር፣ ቀስቱም ጠፍቷል። ማሃድ ወደ ምንጣፉ ጫፍ ሸሸና ቦታ ለቀቀልኝ።

"ቁጭ በል" አለ። "ስጠፋ ትቀበለኛለህ።"

የሰው ቀሚስ መርፌው ሥር እንዳለ ትቼ ተቀመጥኩ።