ወንድም ጋሼ በግራ እጁ

የመጨረሻው ደህና ቀን ቅዳሜ ነበር። ደህና ስል ምንም ያልሆነበት የመሰለን ማለቴ ነው። ጠዋት ታላቅ ወንድሜ ሸሚዙን በግራ እጁ ሲቆልፍ ብዙ ቆየ። እናታችን ቆማ አየችውና፣ የአምስት ዓመት ልጅ ሳለ ከዚህ ቶሎ ይቆልፍ እንደነበር ነገረችው። እሱም ያኔ ቁልፎቹ ትልልቅ ነበሩ አላት።

ወንድሜ የሜዳ ቴኒስ ተጫዋች ነበር። እንጀራው በባቡሩ ጥገና ክፍል ብረት መቁረጥ ነው፤ ይህንን ግን ድሬዳዋ ውስጥ ከሥራ ባልደረቦቹ በቀር የሚያውቅለት አልነበረም። ለብዙ ዓመታት የክፍለ ሀገሩ አሸናፊ ስለነበረ መንገድ ላይ የሚጠራው «ሻምፒዮን» እየተባለ ነው። ማሸነፍ ከተወ በኋላም እንደዚያው ጠሩት። ሌላ ስም አልለመዱም። እኔ በዕድሜ በጣም ስለሚበልጠኝ ወንድም ጋሼ እለዋለሁ። ቢሆንም «አንተ» ነው የምለው። ድሬ ላይ አንቱታ ብዙም አያስኬድም፤ ጋሼም አንተ ነው፣ ሼኩም አንተ ነው።

መጀመሪያ የሄደው ጉልበቱ ነው። ከጨዋታ በኋላ ያብጥና በማግስቱ ደረጃ ሲወርድ እንደ ሽማግሌ በጎኑ ይወርድ ነበር። ጉልበቱን በፋሻ ጠፍሮ መጫወት ሲለምድ ደግሞ ቀኝ ትከሻው ተከተለ። ሐኪሙ መርፌ ወጋውና ከስፖርት እረፍት አድርግ አለው። ለምን ያህል ጊዜ ብሎ ጠየቀ። ሐኪሙ ዕድሜውን ጠየቀው። ሲነግረው ሐኪሙ «እንግዲህ» አለ። ወንድሜ ይህን ሲያወራልን፣ የታዘዘለት መድኃኒት እንግዲህ የሚባል ነው፣ በየትኛውም ፋርማሲ አይገኝም ይል ነበር።

በመጀመሪያ የተሸነፈው ከአስመራ ለመጣ መኮንን ነው። ለዚያ ሰበብ ነበረው፤ መኮንኑ ጎበዝ ነበር። ቀጥሎ ለተማሪ ተሸነፈ። በመጨረሻ ራሱ ራኬት አያያዝ ላስተማረው፣ ሳቢያን ለሚኖር የፋብሪካ ልጅ ተሸነፈ። ከዚያ በኋላ የስፖርት ኮሚቴው ጠራውና የሕፃናት አሰልጣኝ ሊያደርጉት እንዳሰቡ ነገሩት። ፊሽካም ይሰጡታል። ክብር ነው አሉት። ላስብበት ብሎ ወጣ። አስቦበትም በግራ እጁ መጫወት ሊማር ወሰነ።

እኔ መጀመሪያ የቀለደ መስሎኝ ነበር። እሱ ግን እጁን ለማለማመድ ሁሉን ነገር በግራ ማድረግ ጀመረ። በር በግራ ይከፍታል፣ ጥርሱን በግራ ይፍቃል፣ በግራ ይጽፋል። ጽሑፉን ማንም አያነበውም፤ ቀድሞም በቀኙ ሲጽፍ የሚያነበው አልነበረም። ለመብላት ሲሞክር እናቴ ሳህኑን ከፊቱ አነሳችው። «በእኔ ገበታ በግራ እጅ?» አለች። ስለዚህ ምግብ በቀኝ ቀረ።

ችግር የመጣው ከጎረቤት ነው። ከግድግዳችን ማዶ የሚኖሩት እናት፣ ሁላችንም አዴ የምንላቸው፣ በረመዳን ማምሻውን ሳምቡሳ ይልኩልን ነበር። አንድ ቀን ራሳቸው ይዘው መጡ። ወንድሜ ረስቶት በግራ እጁ ተቀበላቸው። አዴ ሳህኑን አስረክበው ሄዱ። ለሦስት ቀን ሰላምታ የለም። እናቴ የትከሻውን ሕመም ስትነግራቸው ደግሞ ነገሩ ወደ ሌላ ዞረ፤ ልጁ ሽባ ሆኗል፣ እናትየው እየደበቀች ነው ብለው ደመደሙ። የጥቁር አዝሙድ ዘይት ይዘው መጡና ወንድሜን አስቀምጠው ቀኝ ክንዱን ያሹት ጀመር። እያሹ ያለቅሳሉ። ወንድሜ የግራ እጁን ልምምድ ማንም እንዲያውቅበት ስላልፈለገ ዝም ብሎ ታሸ። በሳምንቱ የቀፊራ ገበያ ሙሉ ሻምፒዮኑ ሽባ ሆነ ይል ነበር። ቅመም ልገዛ ሄጄ አንዲት ሻጭ ለወንድሜ ብላ ጨመረችልኝ።

በቀበሌ ስብሰባ ግን አልተቸገረም። መፈክር ሲባል የሚነሳው ግራ እጅ ነበርና የእሱ ከሁሉ ቀድሞ ይነሳል፣ ከሁሉም ዘግይቶ ይወርዳል። ትከሻ ማጠንከሪያ አድርጎት ነው። ሊቀ መንበሩ በሕዝብ ፊት አመሰገነው። ከአንዳንዶቻችሁ የዛለ ክንድ ይልቅ ከዚህ ጓድ ተማሩ አለ። ወንድሜ ምስጋናውን ተቀበለ።

ወደ ቅዳሜ ልመለስ። በማግስቱ እሑድ ጠዋት የማጣሪያ ግጥሚያ ነበረው። ከሳቢያኑ ልጅ ጋር ነው። ያሸነፈ ለክፍለ ሀገሩ ተሰልፎ አዲስ አበባ ይሄዳል። ወንድሜ ከተሸነፈ ፊሽካው ይጠብቀዋል። ኮሚቴው ውጤቱን ያወቀው ይመስል ለሕፃናቱ መመዝገቢያ ቀን ቆርጦ ነበር።

ጎህ ሲቀድ ከባቡሩ ጥገና ክፍል ጀርባ ወዳለው ግድግዳ ሄድን። እዚያ ሰው አይመጣም። እኔ ኳስ እወረውራለሁ፣ እሱ በግራ ይመታል። ኳሶቹ ከጅቡቲ በባቡር የመጡ፣ ፀጉራቸው ያለቀ ናቸው። በግራው ጥሩ ነበር ብዬ ብጽፍ ደስ ባለኝ። ጥሩ አልነበረም። ለወራት የሚስተው ከሚያገኘው ይበልጥ ነበር። ያን ቀን ግን እኩል ለእኩል ደረሰ። ሁለታችንም ይህን አስተውለናል።

ስንመለስ የሳቢያኑ ልጅ በብስክሌት ደረሰብን። ወንድሜን ይወደዋል፤ ሳይለክፈው ግን አያልፍም።

«ፋዘር፣ ነገ ወንበር ላምጣልህ እንዴ አቦ?»

«አምጣ» አለው ወንድሜ። «ሲደክምህ ትቀመጥበታለህ።»

ልጁ እየሳቀ ሄደ። ልጁ ከራቀ በኋላ ወንድሜ፣ የዚህ ልጅ ሰርቭ እጅግ ጥሩ ነው፣ ያስተማርኩት እኔ መሆኔ ብቻ ነው ጉድለቱ አለኝ።

ከሰዓት ድሬ እንደ ወትሮው ተኛች። ሱቁ ተዘግቷል፣ ጋሪዎቹ ቆመዋል፣ ፈረሶቹ ጥላ ሥር አንገታቸውን ደፍተዋል። እኛም ሽርጣችንን ታጥቀን ግቢው ውስጥ ምንጣፍ ላይ ተጋደምን። ግጥሚያው ስለቀረበ ጫት ትቶ ነበር፤ ስለዚህ የሚያደርገው አጥቶ ሰማዩን ያያል። እኔ ከጠዋት ጀምሮ ልጠይቀው የፈለግሁት ነገር ነበር። አፌ አይፈታም፤ ትምህርት ቤትም አስተማሪ ሲጠይቀኝ እንዲሁ ነኝ። በመጨረሻ ወጣልኝ።

«ወንድም ጋሼ፣ አሰልጣኝነቱ... ማለቴ... አይሻልም?»

«ከምን?»

«ከዚህ። መቼ ነው የምታቆመው?»

ይቆጣል ብዬ ፈርቼ ነበር። አልተቆጣም።

«ሲያሸንፉኝ አቆማለሁ» አለ።

«ብዙ ሰው አሸነፈህ እኮ።»

«በቀኜ ነው እሱ» አለ። «በግራዬ እስካሁን ማንም አላሸነፈኝም።»

እውነት ነው። በግራው ከማንም ጋር ተጫውቶ አያውቅም። ይህን ብሎ ተኛ። ያንኮራፋ ነበር።

አስር ሰዓት ሲሆን ተነሳና ሜዳውን ሊያዘጋጅ እሄዳለሁ አለ። የከዚራው ቴኒስ ሜዳ አፈር ነው። ከግጥሚያ በፊት ማታውን ውሃ ይጠጣል፣ በድንጋይ ሮለር ይዳመጣል፣ መስመሩ በኖራ ይሰመራል። የሜዳው ዘበኛ አርጅቶ ስለነበር ሮለሩን የሚገፋ ሰው ያስፈልገዋል። ለምን ተጋጣሚህ አይገፋም አልኩት። አፈሩን ማወቅ የሚፈልገው እሱ ሳይሆን እኔ ነኝ አለ። ነጭ የመጫወቻ ልብሱን እንድተኩስለት ነግሮኝ፣ ራኬቱን እዚያው ዘበኛው ጋ ለማሳደር ይዞ ወጣ። ስንብት የሚባል ነገር አልነበረም። ቁምጣውን ሁለት ቦታ እንዳታጥፈው አለኝ፤ ይኸው ነው።

ከሰል አቀጣጥዬ ካውያውን ሞላሁ። ስተኩስ ወደ ሐረር በኩል ያለው ተራራ ጠቁሮ አየሁ። ድሬ ላይ አንዲት ጠብታ አልወረደችም። ደቻቱን የማያውቅ ሰው ይህ ምኑም አይመስለውም። ደቻቱ ከተማችንን ለሁለት የሚከፍል አሸዋ ነው። ዓመቱን ሙሉ ሰው እንደ መንገድ ይሄድበታል፤ እኛም ቤታችን ካለበት ከመጋላ ሜዳው ወዳለበት ከዚራ ስንሄድ ድልድዩ ስለሚያዞረን በአሸዋው ነው የምንቆርጠው። ደጋው ላይ ሲዘንብ ግን ጎርፉ ድሬ ፀሐይ እየሞቀች ይደርሳል።

ድምፁ የተሰማው ልትጨልም ስትል ነው። ሰው ሁሉ ሊያይ ወጣ። እኔም ካውያውን አስቀምጬ ሄድኩ። ቡናማ ውሃ ዳር እስከ ዳር ሞልቶ፣ ግንድና በርሜል ይዞ ይሄዳል። ሕፃናቱ ለበርሜሉ ያጨበጭባሉ። እናቴ ከበራፉ ሆና ሞልቷል ወይ አለችኝ። ሞልቷል አልኳት።

«እንግዲያ እዚያው ያድራል» አለች።

እንዲህ ነው ልማዱ። ደቻቱ ሲሞላ ማዶ የቀረ ማዶ ያድራል፤ ማንም አይጨነቅም። ዘበኛው ቤት ተጨማሪ አልጋ እንዳለ እናውቃለን። እራት ቀረበ። እናቴ የእሱን ድርሻ ወደ እኔ ገፋችው። በላሁት። ጥሩ እንቅልፍም ተኛሁ።

ጠዋት ውሃው ወርዶ ጭቃ ብቻ ቀርቶ ነበር። ያለ ልብሱ ስላደረ ነጩን ልብስ በጋዜጣ ጠቅልዬ ጫማዬን አውልቄ ተሻገርኩ። ሜዳው ስደርስ ተዘጋጅቶ አገኘሁት። ለስልሶ ተዳምጧል፣ መስመሩ ደርቋል። ዘበኛው፣ ዳኛውና የሳቢያኑ ልጅ በሩ አጠገብ ቆመዋል። ልጁ ረጅም ሱሪ ለብሷል። ወንድሜ ተነሳ ወይ ብዬ ዘበኛውን ጠየቅሁት። ዘበኛው ዳኛውን አየ። ዳኛው «ቁጭ በል» አለኝ። መቀመጫ አልነበረም።

እኛ ዘንድ መርዶ የሚነገረው በማለዳ ነው፤ በሽማግሌ፣ በቤት፣ ተቀምጦ። ሽማግሌዎቹ ወደ ቤታችን ሄደዋል። እነሱ በድልድዩ ሲዞሩ እኔ በአሸዋው ቆርጬ መጥቻለሁ፤ ተላለፍን። ስለዚህ እዚያ የቆሙት ሦስቱ ሊነግሩኝ አይገባቸውም ነበር፣ ላለመናገርም አልቻሉም። ልጁ ፊቱን ወደ አጥሩ አዞረ። ያኔ ገባኝ።

የቀረውን ዘበኛው ነገረኝ። ወንድሜ ሥራውን ጨርሶ ፀሐይ ሳትጠልቅ ወጥቷል። አሸዋው መካከል ሲደርስ ሌሎችም ሰዎች ነበሩ። አንድ ባለጋሪ ከዳር ሆኖ አይቷል። ውሃው ሲመጣ ሌሎቹ ሮጡ። ወንድሜ ግን ፈጠን ብሎ ተራመደ። ሌሊቱን ውሃው ሲጎድል ከከተማው በታች፣ ወደ ጀልዴሳ በሚወስደው መንገድ በኩል ሰዎች አገኙት።

ዳኛው ደግ ሰው ነው፤ አንድ ነገር ሊያደርግልኝ ፈለገ። ውጤቱን ዛሬ ለኮሚቴው ማሳወቅ እንዳለበት፣ ነገር ግን በወንድሜ ላይ ፎርፌ እንደማይጽፍበት ነገረኝ።

«በፈቃዱ እንዳቆመ አድርጌ አሳውቃለሁ» አለኝ። «ለክብሩ ነው።»

«አላቆመም» አልኩት።

«አውቃለሁ። ግን ፎርፌ... የሸሸ ያስመስለዋል ብዬ ነው።»

በጋዜጣ የጠቀለልኩትን ልብስ ብብቴ ሥር ሸጎጥኩ። ደንቡን አውቀው ነበር፤ ያስተማረኝ ወንድሜ ነው።

«ፎርፌ የሚሰጠው ተጫዋች ሆኖ ላልመጣ ነው» አልኩ። «ላቆመ ሰው አይሰጥም። ፎርፌ ጻፍ።»

ዳኛው ዘበኛውን አየ። ዘበኛው ጉሮሮውን ጠረገና ወንድሙ ትክክል ነው አለ።

ደንቡ ተጋጣሚው ሜዳ ገብቶ ሩብ ሰዓት እንዲጠብቅም ያዛል። ይህንንም አነሳሁ። የሳቢያኑ ልጅ እኔ ይህን አላደርግም አለ። ቁምጣም አልያዝኩም አለ። አንተ ካልቆምክ ፎርፌ አይሆንም አልኩት። ጥቂት ተመለከተኝ። ከዚያ ጫማውን አወለቀ፣ ሱሪውን እስከ ጉልበቱ ጠቀለለና ገብቶ በኋለኛው መስመር ላይ ቆመ። ሩብ ሰዓት ሙሉ አልተንቀሳቀሰም። እኔ ከአጥሩ ውጭ ቆምኩ። እናቴ ጋ መሮጥ ነበረብኝ፤ አውቃለሁ። ግን ሽማግሌ ሲያረዳ አይቸኩልም፤ መጀመሪያ ስለ ጤና ይጠይቃል፣ ስለ ጎርፉ ያወራል። እሷ ገና ሳትሰማ ይሆናል ብዬ አሰብኩ። ከሰማች በኋላ ደግሞ ልደርስላት የምችልበት ፍጥነት አልነበረም።

ዳኛው ሰዓቱን አየ። ወደ ሜዳው ዞሮ የወንድሜን ስም ከነአባቱ ስም ጠራ። ሻምፒዮን አላለውም። ትንሽ ጠበቀና ደግሞ ጠራ። ከዚያ ጻፈ።

እኔም ወደ ቤት ሄድኩ።