የፉሪ አየርና የእትዬ ዘነቡ ጉልበት

የፉሪን ተራራ የእግር መንገድ ለአዲስ አበባ ሰው የከፈትኩት እኔ ነኝ። ሐውልት ያልቆመልኝ ከእኔ በፊት ገበሬው፣ እንጨት ለቃሚው፣ አህያውና ምናልባትም ጥቂት ጅቦች ይመላለሱበት ስለነበር ብቻ ነው። እውነቱን ካነሳን ደግሞ እኔም የደረስኩት እስከ ግርጌው ነው።

ነገሩን ያስታወሰችኝ ልጄ ማህሌት ናት። ባለፈው ሐሙስ ሶፋው ላይ ተጋድማ በቴሌግራም የቅዳሜ ጉዞ ታቅዳለች። አንዱ ጓደኛዋ ካርታ ይልካል፣ አንዷ የጫማ ፎቶ፣ ሌላው ዝናብ ይዘንብ እንደሆነ ከስልኩ አይቶ ይናገራል። ሻይዬ ሳይቀዘቅዝ ጨረሱ። ከዚያ ቀና ብላ፣ "አባዬ፣ ቅዳሜ ፉሪ ነኝ" አለችኝ። በቃ። ስብሰባ የለ፣ ቃለ ጉባኤ የለ፣ የእናት አባት ፈቃድ የለ። እኛ በወጣትነታችን ለዚያችው መንገድ ክረምቱን ሙሉ ነው የተሰበሰብነው። አንዳንድ አገር በዚያ ጊዜ ውስጥ ሕገ መንግሥት ያጸድቃል።

ያኔ ላፍቶ ግማሹ ሰፈር፣ ግማሹ ማሳ ነበር። ዛሬ ፎቅ የተደረደረበት ሁሉ ጤፍ ይዘራበት ነበር። ከለቡ ወዲያ ከተማ የሚባል ነገር የለም፤ በሩን የከፈተ ሰው ፉሪን ፊት ለፊት ያየዋል። የምንሰበሰበው በጓደኛዬ በከድር አባት ሱቅ ጓሮ ነው፤ የለስላሳ ሳጥን ገልብጠን እንቀመጥና ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድበው እየተጯጯህን እንወያያለን። ሐበሻ ኮሚቴ ሳያቋቁም ከቤቱ ስለማይወጣ ኮሚቴ አቋቋምን። ከድር የእጅ ሰዓት ስለነበረው ሰብሳቢ ሆነ። እኔ አፌ ስለማያርፍ ሕዝብ ግንኙነት ተባልኩ። ሁሉም ሥልጣን ስለያዘ ተራ አባል አጣን።

ለእኔ ግን ተራራው ሰበብ ነበር። ጉዳዩ ሰናይት ናት፤ የጎረቤታችን የእትዬ ዘነቡ ልጅ። ስትስቅ አፏን በመዳፏ ትሸፍናለች፤ እኔ ደግሞ ያን መዳፍ ለማየት ስል በአጥሩ ቀዳዳ የማላወራው ቀልድ አልነበረም። ፊት ለፊት ስንገናኝ ግን ጤና ይስጥልኝ እንኳ ይጠፋብኛል። አንድ ቀን አብሬያት በመንገድ ብሄድ ምላሴ ይፈታል ብዬ ተስፋ አደረግሁ። እሷም፣ "እማዬ ከፈቀደች እመጣለሁ" ብላለች። እትዬ ዘነቡ ደግሞ ልጃቸውን ዳቦ ቤት ሲልኳት እንኳ በር ላይ ቆመው የሚጠብቁ ሰው ናቸው።

መጀመሪያ በራሴ እናት ተለማመድኩ። ምስር ስትለቅም አገኘኋት።

"እማዬ፣ ቅዳሜ ከልጆቹ ጋር ፉሪ ልንሄድ ነው።"

"ማን ሞቶ?"

"ማንም አልሞተም። እንዲሁ በእግራችን።"

"ጸበል አለው?"

"እኔ እንጃ። አየር ልንቀበል ነው።"

"እዚህ አየሩን ማን ከለከለህ?"

"ከላይ ሆነው ሲያዩት ያምራል ይላሉ።"

"ምኑ?"

"ሰፈራችን።"

እጇ ምስሩ ላይ ቆመ። "ሰፈርህን ለማየት ሰፈርህን ለቀህ ልትሄድ ነው?"

ያን ቀን አንድ ነገር ገባኝ። የላፍቶ እናት ልጇን ጥቅም ወደሌለው ተራራ አትልክም። ስለዚህ ለፉሪ ጥቅም መፈለግ ነበረብኝ።

እትዬ ዘነቡ ጋ ስገባ ሪህ የያዘው ጉልበታቸውን በቅባት እያሹ ነበር። እግዜር አመቻቸልኝ አልኩ።

"እትዬ ዘነቡ፣ ይህን ጉልበት እኮ የፉሪ አየር ቢያገኘው ሕመሙ አንድ ቀን አያድርም።"

"አየር ጉልበት ያድናል?"

"ምን ነካዎት? አንዱን የቄራ ሰውዬ በቃሬዛ ነው የወሰዱት። ሲመለስ ቃሬዛውን ራሱ ተሸክሞ መጣ።"

ማሸታቸውን ሳያቋርጡ ከእግር እስከ ራሴ አዩኝ። "እንግዲያው ሰናይት ትሂድ" አሉ። ልቤ ገና ሳይዘል ቀጠሉ፤ "እኔም እሄዳለሁ።"

ቅዳሜ ማለዳ፣ ጥቅምት ነው፣ ብርዱ ጆሮ ይቆርጣል፤ መገናኛችን ላይ ስደርስ ሰፈሩ ለቀብር የወጣ መሰለኝ። የፈውሱ ወሬ እድርተኛውን ሁሉ አዳርሷል። ወገብ ያመማቸው፣ እግር ያበጠባቸው፣ ምንም ያላመማቸው ሁሉ ከዘራና ጃንጥላ ይዘው ቆመዋል። እናቴም አለች። የከድር እናት ቆጮ በኮባ ጠቅልለው ታቅፈዋል። ከድር ሰዓቱን አየ፣ ሕዝቡን አየ፣ እኔን አየኝ።

"ሕዝብ ግንኙነት" አለኝ፣ "ሥራህን ጨርሰሃል።"

መንገዱ ግን እንዴት ያምር ነበር። ጭቃው ደርቆ ተሰነጣጥቋል፤ የማሳው ዳር ገና በአደይ አበባ ቢጫ ነው፤ ባቄላው እሸት ይዟል፤ አንድ ገበሬ ሴቶቹን ሲያይ ሳቁን መቆጣጠር አቅቶት እቅፍ ሙሉ እሸት አደለን። እናቶቹ እየዘፈኑ ይሄዳሉ። ሰናይት ከከድር ጋር ከኋላ እየሳቀች ትመጣለች። እኔ ከፊት ነኝ፤ እትዬ ዘነቡ ክንዴን ይዘውኛል፤ ሁለተኛ ከዘራቸው ሆኛለሁ።

"አንተ ልጅ፣ ያ የቃሬዛው ሰውዬ ማን ይባላል?"

"ጋሼ ታደሰ።"

"ሚስት አለው?"

"አለችው።"

"የማን ልጅ ናት?"

ግርጌው እስክንደርስ ሰውየውን ድሬው፣ ወልዶ፣ የመጀመሪያ ልጁን ክርስትና አንስቼለት ነበር።

ባሕር ዛፎቹ ሥር አረፍን። በሶው ተበጠበጠ፣ ቆጮው ተፈታ፣ እሸቱ ተፈለፈለ። እትዬ ዘነቡ ጫማቸውን አውልቀው ሣሩ ላይ ቆሙና ጉልበታቸውን አጠፍ ዘርጋ አደረጉ።

"ቀለል ብሎኛል" አሉ።

"አላልኩም?"

"አንተማ ዋሽተሃል። ቃሬዛ ስትል ነው ያወቅሁት። ግን ከቤተ ክርስቲያንና ከለቅሶ ሌላ ከቤት ከወጣሁ ስንት ዘመኔ።" በሶውን በጣሳ ሞሉና እጄ ላይ አኖሩት። "ሂድ፣ ይህን ስጣት።"

ወሰድኩላት። ሰናይት ለብቻዋ ድንጋይ ላይ ተቀምጣ ከተማውን ታያለች። ተቀበለችኝ፤ ፈቀቅ ብላም ቦታ ለቀቀችልኝ።

"ለእናቴ ይህን ሁሉ አውርተሃል" አለች። "እስቲ ለእኔም አውራልኝ።"

ክረምቱን ሙሉ ያዘጋጀሁት ንግግር ነበረኝ። አፌን ከፈትኩ።

"ባቄላው ደርሷል" አልኩ።

አፏን በመዳፏ ሸፈነች።

የማህሌትን ዕቅድ ሳይ ቅናት ቢጤ ይሰማኛል፤ እንዲያ ቶሎ ማለቁ ያስቀናል። ግን ደግሞ ያዝንላታል ልቤ። የእኛ ጉዞ የተበላሸው ፈቃድ የጠየቅነው ሰው ሁሉ አብሮን ስለመጣ ነው፤ ያን ያህል የሳቅሁበት ቀንም ከዚያ ወዲህ አላገኘሁም።

ልጆቼ ከእናታቸው ጋር እንዴት እንደተጋባን ሲጠይቁኝ፣ ፉሪ ግርጌ ተንበርክኬ ለመንኳት እላለሁ። ሰናይት ትሰማኛለች፤ አታርመኝም። አልተንበረከክሁም። ከባቄላው በኋላም ዓመት ከመንፈቅ ቁም ነገር አልወጣኝም። በመጨረሻ እትዬ ዘነቡ ናቸው በአጥሩ ጠርተው፣ "ሽማግሌ የምትልከው እኔ ሳልሞት ነው ከሞትኩ በኋላ?" ያሉኝ። በማግስቱ ላክሁ። ሚስቴን አግቢኝ ብዬ ግን እስከ ዛሬ ጠይቄያት አላውቅም።