ሦስት ጠርሙስ ውሃ

ባለፈው ሳምንት ሁምቦ ወረዳ፣ ተበላ ወደምትባለው ከተማ ገበያ ወርጄ ነበር። ማንጎ ልመርጥ ጎንበስ እንዳልኩ አንዲት ፀጉሯ የሸበተ ሻጭ እጄን ለቀም አደረገችና፣ አጠገቧ ሕፃን ታቅፋ ለተቀመጠችው የልጅ ልጇ፣ "ይሄ ሲስተር ነው ያስተማረን! ሦስት ጠርሙስ ውሃ፣ አንድ ከረጢት መድኃኒት!" አለቻት። ከብዙ ዓመት በፊት ካስተማርኳቸው እናቶች አንዷ፣ የማርቆስ እናት ነበረች። አማርኛዋ ዛሬም ሴቱን ከወንዱ አይለይም። ሳቅሁላት።

የባድመ ጦርነት ወሬ ሬዲዮኑን በሞላበት ዓመት ነው የተዋወቅነው። እኔ የጤና ረዳትነት ትምህርቴን ገና የጨረስኩ የሶዶ ልጅ ነበርኩ። መጀመሪያ የተሰጠኝ ሥራ በሁምቦ ቀበሌዎች እየዞሩ እናቶችን ማስተማር ነበር። ዛፍ ሥር ሰብስቤያቸው፣ የተቅማጡን መድኃኒት በሦስት የለስላሳ ጠርሙስ ውሃ በጥብጬ አሳያለሁ። "ልጁን ካስቀመጠው አጠጡት! እንቢ እስኪል አጠጡት!" እያልኩ አስደግማቸዋለሁ። በመጨረሻም ለእያንዳንዷ አንድ አንድ ከረጢት አድላለሁ። "ሲስተር" ይሉኛል፤ ሲስተር አልነበርኩም፣ ግን ደስ ስለሚለኝ አላረምኳቸውም።

በዚያ ዓመት የበልጉ ዝናብ ቀረ፤ ስኳር ድንቹ መሬት ውስጥ ደርቆ ቀረ። ዘግይቶ የጣለው ዝናብ በቆሎውን አበቀለው እንጂ አላደረሰውም። ከሶዶ ቁልቁል ሲወረድ አገሩ ለምለም ነው፤ የሚበላ ግን የለም። ጤና ጣቢያው ግቢ ውስጥ ለተጎዱ ሕፃናት ድንኳን ተተከለና እኔም እዚያ ተመደብኩ። ኃላፊያችን አቶ መስፍን የሚባሉ ዝምተኛ ነርስ ነበሩ። በመጀመሪያው ቀን እንዲህ አሉን፦ "ረሃብ የጎዳው ልጅ ልቡም ኩላሊቱም ደክሟል። ጨውና ውሃ ሲበዛበት የሚያወጣበት አቅም የለውም። ጨው የተቀነሰለትን መጠጥ በማንኪያ፣ ትንፋሹን እየቆጠርን ነው የምንሰጠው።" ደብተሬ ላይ ጻፍኩት። ለእነዚያ ዛፍ ሥር ላስተማርኳቸው ሴቶች መንገር እንዳለብኝ ግን አልታየኝም።

አንድ ቀን ጠዋት ዓለሚቱ የምትባል ወጣት እናት የሦስት ዓመት ልጇን አማረችን አዝላ ከተራራው ሥር መጣች። ልጅቷን ሦስት ቀን አስቀምጧታል፤ ዓይኗ ጎድጉዷል፣ ክንዷ በሁለት ጣቴ ክብ ውስጥ ገባ። መጠጡን በማንኪያ ስሰጣት ማንኪያውን በጥርሷ ይዛ አልለቅም አለችኝ።

"እዚህ ውሃም ተለክቶ ነው የሚሰጠው?" አለችኝ ዓለሚቱ።

"ለእሷ ብዬ ነው" አልኳት። ሌላ ማብራሪያ አልጨመርኩም፤ ቤታችን አማርኛ ብቻ ይነገር ስለነበር ወላይትኛዬም ከዚያ በላይ አይወስደኝም ነበር።

ወደ ቀትር ላይ በጋሪ የተጫኑ አዲስ ልጆች ደረሱና ልመዝናቸው ወጣሁ። "ከማንኪያ እንዳታሳልፊ" ብዬ ለዓለሚቱ ነገርኳት። ለእሷ ብቻ። ድንኳኑ ውስጥ ሌሎች አሥር እናቶች እንዳሉ ረስቼ።

ስመለስ አማረች ቁጭ ብላለች። ዓይኗ ተከፍቷል። ዓለሚቱ ከመጣች ጀምሮ ፈገግ ስትል ያን ጊዜ አየኋት። አጠገባቸው ከግማሽ በላይ የጎደለ ጆግ ቆሟል። ልጇ ማርቆስ አገግሞ ሊወጣ የደረሰላት የድንኳን ጎረቤታቸው፣ ዛፍ ሥር ካስተማርኳቸው አንዷ፣ በኩራት ቀና አለች።

"የሰጠኸኝ መድኃኒት መቀነቴ ውስጥ ነበር፣ ሲስተር። ሦስት ጠርሙስ በትክክል ለካሁ። እንቢ እስኪል አልክ፤ ልጁ እንቢ አላለም።"

አንድ ነገር እንኳ አላጎደለችም። ከሠለጠኑት ሁሉ የእኔን ትምህርት እንደ እሷ የያዘ አልነበረም።

ወዲያው የልጅቷ ትንፋሽ መፍጠን ጀመረ። ሰዓቴን ይዤ ቆጠርኩ፤ ደግሜ ቆጠርኩ፤ ቁጥሩ ጨመረ። አንገቷ ላይ ያለው ሥር ተገተረ። አቶ መስፍን ሮጠው መጡ፣ መጠጡን ሁሉ አስቆሙ፣ መርፌ ወጉ፣ እናቷ ጭን ላይ ደገፍ አድርገው አስቀመጧት። ከዚያ በኋላ የምንሠራው አልነበረም። የጎደለ ነገር ቢሆን ሶዶ ድረስም ቢሆን ሮጬ ባመጣሁ፤ የበዛውን ግን በምን ልቅዳው? ቁጭ ብዬ ቆጠርኩ። ፀሐይዋ ሳትበርድ አማረች አረፈች።

ዓለሚቱ ልጇን በነጠላዋ ከጠቀለለች በኋላ ወደ ማርቆስ እናት ዞረች። በወላይትኛ ነው የተናገረችው፤ ያችን ያህል ግን ገባኝ። "እግዚአብሔር ይስጥሽ። ልጄ ውሃ እንደጠማት አልሄደችም።"

አቶ መስፍን አዩኝ። እኔ መሬት መሬቱን አየሁ። በማግስቱ ጠዋት ለማርቆስ እናት ልነግራት ቆርጬ ስመጣ ልጇን ይዛ ወደ ቤቷ ሄዳለች። የቀሩትን እናቶች ሰብስቤ ስለ ማንኪያው አስተማርኩ። እሷ ግን አልነበረችም፤ ዓለሚቱም አልነበረችም። ቆይቶ ሥራዬ ራቅ ወዳለችው የቦምቤ ከተማ ተዛወረ። እውነቱን ለመናገር፣ ዝውውሩን የጠየቅሁት እኔ ነኝ።

እና አሁን ተበላ ገበያ ላይ፣ ማንጎ ይዤ ቆሜአለሁ። የልጅ ልጇ የታቀፈችው ሕፃን ወፍራም ነው፤ ጉንጩ ያብረቀርቃል። ዝም ብዬ መሄድ እችል ነበር። ያን ሁሉ ዓመትም ዝም ብያለሁ።

"በጣም የከሳ ልጅ፣ ወይም እግሩ ያበጠ ከሆነ ግን" አልኳት ልጅቱን፣ "እንደዚያ አታጠጪው። ሮጠሽ ጤና ጣቢያ ውሰጂው።"

የማርቆስ እናት ማንጎውን መመዘን አቆመች።

"ይሄን ያኔ አልነገርከንም" አለች።

"አልነገርኳችሁም" አልኩ።

ማንጎዬን ከረጢት ውስጥ ከተተች፣ አንድ ጨመረችልኝ፣ ቀና ሳትል ሰጠችኝ። ምን ያህል እንደገባት አላውቅም። ማንጎዎቹ እስከ ዛሬ ጠረጴዛዬ ላይ ናቸው፤ አንዱንም አልቀመስኩም።