ኪቱ ያላየው ወባ

ቀኝ ዓይኔ ከግራው ቀድሞ ደክሟል። ሙያውን የተማርኩበት ማይክሮስኮፕ ባለ አንድ ዓይን ስለነበረ በቀኙ ማየት ለመደብኝ፤ ይኸው ስንት ዓመት ሙሉ የሚለፋው እሱ ነው። የዓይን ሐኪም ዘንድ ብሄድ «እረፍት ስጪው» አለኝ። በጥቅምትና በኅዳር በእኛ ጤና ጣቢያ እረፍት የሚባል ነገር እንደሌለ ማስረዳቱ ሰለቸኝና «እሺ» ብዬ ወጣሁ።

የላቦራቶሪ ባለሙያ ነኝ። የምሠራው በፍኖተ ሰላምና በቡሬ መካከል ባለች የገጠር ጤና ጣቢያ ነው። ክረምቱ ወጥቶ ውሃው በየጎድጓዳው ሲተኛ ወባ ይነሣል። ድሮ ወባ ይዟቸው የሚመጡት ከብር ወንዝ ዳር የሚወጡ ሰዎችና ለቀን ሥራ ቆላ ወርደው የሚመለሱ ነበሩ። አሁን ቆላን ረግጦ የማያውቅ ደገኛ ሁሉ እየተንቀጠቀጠ ይመጣል። ከደጃችን ያለው አግዳሚ ወንበር ገና ሳይነጋ ይሞላል፤ የተረፈው ሰው ነጠላውን ተከናንቦ መሬት ላይ ይቀመጣል።

የምነግራችሁ ነገር የሆነው መብራት በጠፋበት፣ መንገዱም እየተከፈተ በሚዘጋበት ወቅት ነው። ማይክሮስኮፑ ያለ መብራት ስለማይሠራ ሁሉንም ሰው የምመረምረው በኪት ነበር። ኪት የምንላት የጣት ርዝመት ያላት ፕላስቲክ ናት። ከታማሚው ጣት አንድ ጠብታ ደም ይደረግባታል፣ ፈሳሽ ይጨመርባታል፣ ሩብ ሰዓት ያህል ይጠበቃል። አንድ መስመር ብቻ ከታየ ወባ የለም፤ ሌላ መስመር ከተጨመረ አለ። መብራት አትፈልግ፣ ዓይን አታደክም። እውነቱን ለመናገር ወድጃት ነበር።

አንድ ማክሰኞ ጠዋት አንድ አዛውንት የዜማ መምህር በልጃቸው ተደግፈው ገቡ። አገሩ ሁሉ «የኔታ» ነው የሚላቸው።

«እንዴት አደሩ የኔታ? ምን ሆኑብን?» አልኳቸው።

«ብርድ ብርድ ይለኛል ልጄ። ወዲያው ደግሞ እሳት ይለቀቅብኛል። ተማሪዎቹ ፊቴ ተቀምጠው ድምፄ አልወጣ አለኝ።»

ጣታቸውን ወጋሁ። አንድ መስመር። እንዳልተሳሳት በሌላ ኪት ደገምኩት። አሁንም አንድ መስመር።

«የኔታ፣ ወባ የለብዎትም» አልኳቸው።

ልጃቸው ሠላሳ ዓመት ገደማ የሚሆናት ገበሬ ናት። «ወባ ነው እኮ!» አለች። «እኔን ባለፈው ዓመት የያዘኝ እንዲሁ አድርጎ ነው። አውቀዋለሁ።»

ከኋላዋ የተሰለፈውን ሰው አየሁ። «እህቴ፣ ኪቱ የለም ካለ የለም» አልኳት።

ነርሱ ለሌላ ትኩሳት የሚሆን መድኃኒት ጽፎላቸው ሄዱ።

ዓርብ ዕለት በቃሬዛ መጡ። አራት የሰበካው ሰዎች ተሸክመዋቸዋል። ዓይናቸው ቢጫ ሆኗል፤ ከንፈራቸው ደርቋል፤ የሚናገሩትም አይያያዝም፤ አንዴ ከዜማው፣ አንዴ ከሞቱት ሚስታቸው ጋር ነው። ልጃቸው ከላቦራቶሪው በር ላይ ቆመች።

«የለም ብለሽን ነበር» አለች። ብትጮህብኝ ይሻለኝ ነበር።

ኪቱን እንደገና ሞከርኩ። አንድ መስመር። ያን ጊዜ ቁም ሳጥን ውስጥ የተጣለች አሮጌ ማይክሮስኮፕ ትዝ አለችኝ። ከሥሯ መስታወት አላት፤ የምትሠራው በፀሐይ ብርሃን ነው። አቧራዋን ጠርጌ ከመስኮቱ ሥር አስቀመጥኳት። ደማቸውን ስላይድ በምንላት ስስ ብርጭቆ ላይ አድርጌ እስኪደርቅ ጠበቅኩ፤ ቀለም አለበስኩት፤ አጠብኩት፤ መስታወቷን ወደ ፀሐይ አዙሬ ዓይኔን ደቀንኩ። ፈልጊኝ አላለኝም። ትናንሽ ቀለበት የሚመስሉ የወባ ተውሳኮች ያየሁበት ቦታ ሁሉ ሞልተው ነበር።

«አለ! ወባ ነው!» ብዬ ነርሱን ጠራሁት።

የወባው መርፌ በዚያው ሰዓት ተጀመረ። ልጃቸው ከአልጋው ሥር ምንጣፍ አንጥፋ ሰነበተች። እኔም ባለፍኩ ባገደምኩ ቁጥር በሩ ላይ ቆሜ ትንፋሻቸውን አዳምጣለሁ። በሦስተኛው ቀን ዓይናቸውን ገልጠው አጥሚት ጠየቁ። ወደ ላቦራቶሪዬ ተመልሼ በሩን ዘጋሁና ተቀመጥኩ። ማልቀስ አምሮኝ ነበር፤ ግን ለእሱም አቅም አላገኘሁም።

ለጤና ጣቢያው ኃላፊ የሆነውን ሁሉ ነገርኩት። «እጅሽ ተሳስቶ ይሆናል፤ ኪቱ ተፈትሾ የመጣ ነው» አለኝ። አልፈረድኩበትም፤ እሱም ከእኔ ባልተናነሰ ደክሞታል። ከዚያ ቀን ጀምሮ ግን ትኩሳት ኖሮበት ኪቱ የለም ያለውን ሰው ሁሉ ደም በፀሐይ ብርሃን ማየት ጀመርኩ። ደመና ሲሆን ደመናው እስኪገለጥ እጠብቃለሁ። ማጅራቴ እንጨት ሆነ። እንደ የኔታ ያሉ ሌሎችም ተገኙ፤ ብዙ አይደሉም፤ ግን ነበሩ። ስላይዶቻቸውን በካርቶን አስቀመጥኩ።

መንገዱ ሲከፈት ከከተማ አንድ የላቦራቶሪ አሠልጣኝ መጣ። ካርቶኔን አምጥቼ አሳየሁት። ምንም አልደነቀውም፤ ይህም አናደደኝ።

«ይሄ እኮ ከታወቀ ቆይቷል» አለና አስረዳኝ። ኪቷ ተውሳኩን ራሱን አታይም። የምትፈልገው ተውሳኩ ደም ውስጥ የሚረጨውን አንድ ፕሮቲን ነው። ፕሮቲኑን ለመሥራት የሚያስፈልገው ትእዛዝ በተውሳኩ ዘር ውስጥ ተጽፏል። አንዳንዱ ተውሳክ ያችን ትእዛዝ ጥሏታል። ያለ እሷም ይኖራል፣ ይራባል፣ ሰው ይጥላል፤ ኪቷ ግን አታውቀውም። ተመራማሪዎች ይህን መጀመሪያ ያገኙት በደቡብ አሜሪካ ሲሆን ኋላ በኤርትራም በእኛም አገር ታየ።

«የከፋው ደግሞ» አለ፣ «ኪቷ የምታየው ተውሳክ በመድኃኒት ይጠፋል። የማታየው ሳይታከም ይቆይና ትንኟ ወደ ሌላው ሰው ታሻግረዋለች። እኛው በምርመራችን መንገድ ጠረግንለት ማለት ነው።»

«ታዲያ ለምን አልነገራችሁንም?»

«ደብዳቤ ተልኮ ነበር» አለ፤ ቀጥሎም ድምፁን ዝቅ አድርጎ «መንገዱ ግን ተዘግቶ ነበር» አለኝ።

የሰማሁትን ለየኔታ መንገር እንዳለብኝ ተሰማኝ። አንድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሄድኩ። ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር አጠገብ ካለው ጎጇቸው ደጃፍ ጋቢ ለብሰው ተቀምጠዋል፤ ከስተዋል። ልጃቸው በርጩማ አቀረበችልኝ። ሁሉንም እንደተነገረኝ ነገርኳቸው።

«እንዲያ በይኝ» አሉ። «ሌባው ካባውን አውልቆ ገብቷል፤ እናንተ ደጃፉ ላይ ካባ ለባሽ ትጠብቃላችሁ።»

«ልክ እንደዚያ ነው የኔታ።»

«እህ... አንች ምን ታደርጊ። አንች የተሰጠሽን ነው ያየሽ።»

ልጃቸው ከጓዳ ሆና «እኔ ነግሬያት ነበር» አለች።

«ነግረሽኛል» አልኳት። «አልሰማሁሽም። ይቅር በይኝ።» ትንሽ ቆይታ ጠላ ይዛልኝ መጣች።

የኔታ ቀና ብለው አዩኝ። «ልጄ፣ ከእኔ በፊት ስንቱን የለብህም ብላችሁ መለሳችሁት?»

«አላውቅም የኔታ» አልኳቸው። ማታ ማታ በትኩሳት ለሞቱ ሰዎች ለቅሶ የሄድኩባቸው ቤቶች አንድ በአንድ ይመጡብኛል፤ የትኛው ወባ፣ የትኛው ሌላ እንደነበረ ግን አሁን የሚለይ የለም።

በዓመቱ አዲሶቹ ኪቶች መጡ። እነዚህ የሚፈልጉት ተውሳኩ ያለሱ መኖር የማይችለውን ሌላ ፕሮቲን ነው ተባልን። ኃላፊው የኪቶቹን ካርቶን ራሱ ተሸክሞ አመጣልኝና «ይኸው፣ ተገላገልሽ» አለኝ። ደስ ይለኛል ብዬ ነበር፤ ድካሙ ብቻ ነው የተሰማኝ። ካርቶኑን ከፍቼ ሥራ ጀመርኩ።

የኔታ አሁንም ያስተምራሉ። ተማሪዎቻቸው እንደሚሉት ድምፃቸው እንደ ድሮው ከፍ አይልም፤ ረጅሙን ዜማ እነሱ ይጨርሱላቸዋል። በመንገድ ስንገናኝ ስለ ዝናቡና ስለ አዝመራው ይጠይቁኛል፤ መርቀውኝ ያልፋሉ። «ስንቱን መለሳችሁት?» ያሉኝን ጥያቄ ዳግመኛ አላነሱብኝም። እኔም አላነሣሁባቸውም።