ቀድሞ የደረሰው አደንጓሬ

ጥቅምት በገባ በሳምንቱ ከደብረ ማርቆስ ወደ መርጡለ ማርያም የተነሳሁት ለመመስገን ነው። ሌላው ሰው ለስለት ይሄዳል፣ ለመሬት ክርክር ይሄዳል፤ እኔ የሄድኩት አክስቴ እትዬ ጥሩወርቅ «አያሌው ባይኖር ኖሮ» ሲሉ በጆሮዬ ለመስማት ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። እትዬ ጥሩወርቅ ከእናታቸው የወረሱት የአደንጓሬ ዘር አላቸው። ፍሬው እንደ ጅግራ ላባ ዝንጉርጉር ስለሆነ «ጅግሬ» ይሉታል። አጥር ላይ ይወጣል፣ እሸቱ ቅቤ ነው፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ ክረምቱ ሳይወጣ ይደርሳል። የእሳቸው ሕግ ዘር በሁለት ቤት ይቀመጥ የሚል ነው። «በረዶ ሁለት አገር በአንድ ቀን አይመታም» ይላሉ። ስለዚህ ከሦስት ዓመት በፊት ግማሹን ለእኔ ሰጡኝ፤ በግቢዬ አጥር ዙሪያ ዘራሁት። አምና በረዶ የእሳቸውን ጓሮ ከነአጥሩ ላጨው፤ አንዲት ፍሬ አልተረፈችም። ባለፈው ግንቦት ከእኔ ቤት አንድ ጣሳ ሙሉ ዘር በመንገደኛ ላክሁላቸው። ኖኅ እንኳ እኔ የዚያን ቀን የኮራሁትን ያህል አልኮራም።

ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት፣ መናኸሪያ

መንገዱ ክፍት ነው በተባለ ማግስት ስለሆነ ሰዉ ተጋፍቷል። ሚኒባሷ የተሠራችው ለአሥራ ሁለት ሰው ነው፤ የተሳፈርነው ግን የጎጃም ሩቡ ነን። ረዳቱ ቁመቴን አየና ሞተሩ ላይ ባለችው በርጩማ አስቀመጠኝ። አጭር ሰው በዚህ አገር ሻንጣ ነው፤ ቀዳዳ በተገኘበት ይሰካል።

ጭኔ ላይ ምሳ ዕቃ ይዣለሁ። ውስጡ ትናንት ከግቢዬ በር ጥግ ለቅሜ፣ ከነዛላው ቀቅዬ፣ ጨው የነሰነስኩበት የጅግሬ እሸት አለ። ለእትዬ ጥሩወርቅ ማሳያ ነው። «ይኸው፣ በእኔ እጅ እንዲህ ያፈራል» ልላቸው።

ሉማሜን ሳናልፍ ክዳኑን ከፈትኩት። አጠገቤ የተቀመጡት የሽንኩርት ነጋዴ ሴትዮ አንድ ቀመሱና ዓይናቸውን ጨፈኑ። ከዚያ ምሳ ዕቃው ከፊት ወንበር ወደ ኋላ ወንበር ዞረ፤ ሾፌሩ ሳይቀር በአንድ እጁ እየነዳ በአንድ እጁ ፈለፈለ።

«ለዘር አስቀርተሃል አይደል?» አሉ ሴትየዋ።

«ምን ችግር አለ እናቴ፤ አጥሬ ሙሉ ነው» አልኳቸው። ለእሳቸውም አንድ ጣሳ ቃል ገባሁ። ለረዳቱም። ቃል መግባት ነዳጅ አይጠይቅም።

ጉንደ ወይን

ብቸናን አልፈን ጮቄን በግራ እያየን ጉንደ ወይን ስንደርስ ረፋድ ነበር። ጤፉ ቢጫ መሆን ጀምሯል፤ ሰማዩ እንደ ታጠበ ሳህን ነው፤ ደመና የሚባል ነገር የለም። ያኔ ደስ አለኝ። አሁን ሳስበው መደንገጥ የነበረብኝ እዚያ ነው፤ ዝናቡ ሄዷል፣ ውርጩ ቀርቧል ማለት ነበረና።

ነጋዴዋ እዚያ ወረዱ። እኔም እግሬን ላፍታታ ገበያውን ዞርኩ። አደንጓሬ አለ፤ ነጭ፣ አንድ ዓይነት፣ በአንድ መቀስ የተቆረጠ የሚመስል። ጣሳውን መቶ ሃያ ብር አሉኝ። ዝንጉርጉሩን ጠየቅሁ። ሻጩ ሳቀና «እሱን የሚያስታውሱት አሮጊቶች ናቸው» አለኝ። በኩራት ደረቴን ነፋሁ።

መርጡለ ማርያም

እትዬ ጥሩወርቅ በር ላይ ጠበቁኝ። ጉልበታቸው ስለሚያማቸው ከአካባቢያቸው ከወጡ ዓመታት ሆኗቸዋል። ስመው ሳይጨርሱኝ ወደ አጥሩ አየሁ፤ ጅግሬ አጥሩን ውጦት፣ ቅጠሉ ጥቁር አረንጓዴ ሆኖ፣ ከላይ እስከ ታች አበባ ለብሷል።

«ለምለም ነው!» አልኩ።

«ለምለምስ ለምለም ነው» አሉ። «ዛላ ፈልግልኝ።»

ፈለግሁ። አንድም አልነበረም። ቀልድ ይቀናኛልና አበባው እንደ ሴት ልጅ እየተኳኳለ ስለቆየ ነው አልኳቸው። አልሳቁም። ስለዚህ ምሳ ዕቃዬን አወጣሁ። ከመንገደኛ የተረፈው አንድ ጭብጥ ነው። አንዷን ዛላ አንስተው በጥፍራቸው ሰነጠቁ፤ የበሰለውን ፍሬ በጣታቸው ሲያሹት ልጣጩ ወለቀ።

«ይኼ መቼ ደረሰ?»

«ለመስቀል እሸት ነበር።»

«አጥርህ ሁሉ?»

«የበሩ ጥግ አራቱ ብቻ። ሌላው ገና አበባ ነው፤ እንደዚህ እንደ እርስዎ።»

«አምናስ? ካቻምናስ?»

አምናም ካቻምናም እንደዚሁ ነበር። ቀድሞ የያዘውን በእሸትነቱ በላን፤ የዘገየውን፣ አፋችን ከጠገበ በኋላ የደረቀውን፣ ለዘር ለቀምን። ለእሳቸውም የላክሁት ያንኑ ነው። ይህን ስናገር ለራሴም ገባኝ።

እትዬ ጥሩወርቅ ዛላዋን ወደ ምሳ ዕቃው መለሱ። «እናቴ ዕድሜዋን ሙሉ የመረጠችው ቀዳሚውን ነው» አሉ በቀስታ። «አንተ ቀዳሚውን በላህና ዘገምተኛውን አወረስከኝ። አሁን ይኼ ሁሉ አበባ ውርጭ ይበላዋል።» ከዚያ «ክሩንስ ምን አደረግከው?» አሉኝ።

ክሩ። ዘሩን ሲሰጡኝ አብሮ የተጠቀለለ ቀይ የጥጥ ክር ነበር። ቀድሞ ያፈራው ሐረግ ላይ ይታሰራል፤ ክር የታሰረበትን ደርቆ እስኪንኮሻኮሽ ማንም አይነካውም። ነግረውኝ ነበር። እሳቸው ሲናገሩ እኔ የጎረቤታቸውን አረማመድ እያስመሰልኩ አስቃቸው ነበር፤ እየሳቁ ነገሩኝ፣ እየሳቅሁ ረሳሁት። እጄን ኪሴ ከተትኩ። ክሩ የግቢዬ ቁልፍ ማንጠልጠያ ሆኗል። አውጥቼ አሳየኋቸው።

ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር። ራት አበሉኝ፣ ፍራሽ አነጠፉልኝ፣ ስለ ልጆቼ ጠየቁኝ። በአገራችን ዕቃ ባዶውን አይመለስም፤ ቢያንስ ቆሎ ይጨመርበታል። ጠዋት ስለያቸው ምሳ ዕቃዬ ታጥቦ፣ ባዶውን ተሰጠኝ።

«የሚጨመርበት የለኝም» አሉ።

መመለሻ

በመልሱ ጉዞ ረዳቱ አወቀኝና «ጋሽዬ፣ እሸት የለም?» አለ። የለም አልኩት። ቀሪውን መንገድ ዝም አልኩ፤ ዝም ብዬ የተጓዝኩት በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ነው ብል ብዙም አላጋነንኩም።

ማርቆስ ስደርስ ከባጃጅ ወርጄ በሬን ሳልከፍት አራቱን ሐረጎች ቅጠል በቅጠል በረበርኩ። ጥሩ ለቃሚ ነኝ፤ ምንም አላስቀረሁም። ተስፋ ቆርጬ ቀና ስል ግን ከቆርቆሮው በር ጉልላት ላይ፣ በጣቴ ቆሜ እንኳ ከማልደርስበት፣ አንዲት ዛላ ቢጫ ሆና ተንጠልጥላለች። ያልበላኋት አጭር ስለሆንኩ ብቻ ነው።

ደወልኩ።

«ደርቃለች?» አሉ እትዬ ጥሩወርቅ።

«ቢጫ ሆናለች። ከታች ሳያት አምስት ፍሬ ትመስላለች።»

«እጅህን አታንሳ። መሰላልም አትዋስ» አሉ። «ስትደርቅ እኔ ራሴ እመጣለሁ።»

«ጉልበትዎስ?»

«ለጉልበቴ ስል ነው ዘሩን መጠበቁን ለአንተ የተውኩት፤ ውጤቱን አየኸው።»

ይህ ጉዞ ያስተማረኝ ሰው ቁም ነገር ሲነግረኝ አፌን መዝጋት ነው፤ በዚህ ዕድሜዬ ዘግይቷል፤ እንደ አደንጓሬዬ። ቁልፉን ከክሩ ፈታሁና ክሩን እጄ በደረሰበት ከሐረጉ ሥር አሰርኩ። በሬን አሁን የምዘጋው በሁለት እጄ፣ ቆርቆሮው እንዳይነቃነቅ ቀስ ብዬ ነው።