ያላየሁትን አየሁ እንድል

ሰውየው ሱቄ ሲገባ ገዢ መስሎኝ ነበር። ጅግጅጋ ገበያ ውስጥ የሴት ልብስ፣ ድሪያና ሻሽ እሸጣለሁ። አንዱን ድሪያ በጣቱ እየዳሰሰ ዋጋውን ጠየቀኝ፤ ነገርኩት። ከዚያ ድምፁን ሳይቀይር፣ «ማክሰኞ ችሎት ትቀርቢያለሽ። ልጁን ቤንዚን ይዞ አይተሽዋል» አለኝ።

«አላየሁትም።»

«አይተሽዋል። ልጆችሽ የት እንደሚማሩም እናውቃለን። ጎበዞች ናቸው አሉ።»

ጨርቁን አጣጥፎ ቦታው መልሶልኝ ወጣ። ማን እንደላከው አልነገረኝም፤ እኔም አልጠየቅሁም። በርጩማዬ ላይ ቁጭ አልኩ።

ልጁ የጎረቤቴ ልጅ ነው። በ2010 ክረምት ከተማው ሲታመስ ከተቃጠሉት ሱቆች አንዱ የእኔ ነበር፤ ይህን የከፈትኩት ከዚያ በኋላ ነው። ልጁ በፊተኛው አስተዳደር ጊዜ ለአንድ ባለሥልጣን መኪና ይነዳ ስለነበር፣ አስተዳደሩ ሲወድቅ ሱቅ አቃጥለሃል ተብሎ ተያዘ። እኔን የዐቃቤ ሕግ ምስክር አደረጉኝ፤ የተቃጠለብኝ እኔ ነኛ። ግን ያን ሰዓት ልጁ የት እንደነበረ ከእኔ በላይ የሚያውቅ የለም። በጓሮ አጥር ስቦ እናቱ ቤት ያስገባኝ እሱ ነው። እኔ ከፍራሽ ክምር ኋላ ተኝቼ፣ እሱ በር ላይ ቆሞ፣ «እናቴ ታማለች፣ ሌላ ሰው የለም» እያለ የመሀል አገር ሰው ፍለጋ የመጡትን ሲመልስ በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ይህንኑ ለመርማሪው ስነግረው፣ «እሱን ተይው፣ ስለ እሳቱ ንገሪኝ» ነበር ያለኝ።

ባለቤቴ፣ «አላስታውስም በይ። የረሳን ሰው ምን ያደርጉታል?» አለኝ። እንደ እኛው ከመሀል አገር የመጡት ነጋዴዎች ደግሞ ማንም ይሁን ማን አንድ ሰው መቀጣት አለበት ይሉ ነበር። ንብረታቸው ስለነደደ አልፈርድባቸውም።

ዋዜማው ላይ የልጁ እናት መጣች። የግመል ወተት የምትሸጥ ሴት ናት። ልትለምነኝ ነው ብዬ ልቤ ደነገጠ።

«አባዮ» አለችኝ፣ እህቴ ማለቷ ነው፤ «እንዲህ በይ አልልሽም። አንቺም ልጆች አሉሽ።»

ይህን ብላ ሄደች። ብትለምነኝ ይሻለኝ ነበር።

ማክሰኞ ችሎቱ ሞልቷል። ልጁ ከስቶ አንገቱ ቀጥኗል። ያ ሰውዬ የኋላው ወንበር ላይ ተቀምጧል። የምናገረውን ሁሉ አስተርጓሚው ለተከሳሹ በሶማልኛ ይደግመዋል፤ ነጋዴ ነኝ ስል እንኳ ቃሌ ለከተማው ሁሉ የታወጀ መሰለኝ።

ዐቃቤ ሕጉ፣ «ተከሳሹን በዕለቱ የት አዩት?» አሉኝ። ባለቤቴ ያስጠናኝ ቃል አፌ ላይ ደርሷል። ሳላስበው ዞር አልኩ።

«ምስክር፣ ወደኋላ ምን ያያሉ?» አሉ ሰብሳቢው ዳኛ። «እንዲህ ብለሽ መስክሪ ያለዎት ሰው አለ?»

እንባዬ መጣ። ዳኛው ቅድም ያየሁበትን አቅጣጫ ተመለከቱ።

«እርስዎ ማን ነዎት?»

«ጉዳዩን የምከታተል ነኝ» አለ ሰውየው።

«ከውጭ ሆነው ይከታተሉ።»

ሰውየው ወዲያው አልተነሳም። ዳኛውን ትክ ብሎ አያቸው። ያኔ ነው ዳኛው የእስክሪብቶአቸውን ክዳን ደጋግመው ሲነቅሉና ሲከድኑ ያየሁት። እሳቸውም እንደ እኔው ፈርተዋል። ቢሆንም ዓይናቸውን አልሰበሩም፤ ሰውየው ወጣ።

«እኔን እያዩ ይናገሩ» አሉኝ።

ስለ አጥሩ፣ ስለ ፍራሹ፣ በሩ ላይ ስለሰማሁት ተናገርኩ። አስተርጓሚው አንድም ሳያስቀር ደገመው። ልጁ አቀርቅሮ ቀረ።

በዚያው ሳምንት ልጆቼን ሐረር እህቴ ጋ ላክኋቸው። መኪናው የካራማራን ተራራ አልፏል ብዬ እስካስብ ድረስ እህል አልቀመስኩም። ሱቅ በር ላይ ባጃጅ ሲቆም ልቤ ይቆማል። ከነጋዴዎቹ አንዳንዶቹ ሰላምታ ነፈጉኝ።

ዳኞቹ በመጨረሻ ልጁ መከላከል ሳያስፈልገው በነፃ ይሰናበት ብለው ወሰኑ። እናቱ እስር ቤቱ በር ላይ ስትጠብቅ፣ ልጁ ገና እግሩ እንደወጣ ሌላ መኪና መጥቶ ዓይኗ እያየ ወሰደው። እናቱ አቤት ብትል ዳኛው ፖሊስ እንዲያቀርበው አዘዙ። ቀጠሮው ደረሰ፣ አልቀረበም፤ ሌላ ቀጠሮ ሰጡ፣ አልቀረበም። ብዙም ሳይቆይ ዳኛው ተዛውረዋል ተባለ፤ ወዴት እንደሆነ የነገረን የለም።

ልጁ ከብዙ ወራት በኋላ ተፈታ። ለምን እንደያዙትም ለምን እንደለቀቁትም አልነገሩትም። አሁን ድንበሯ ከተማ ቶጎ ውጫሌ የጭነት መኪና ይነዳል፤ ጅግጅጋ አያድርም።

አምና ድሬዳዋ አንድ ፋርማሲ በር ላይ ዳኛውን አየኋቸው። ሸብተዋል፤ መድኃኒት ይዘው ታክሲ ይጠብቃሉ። ላመሰግናቸው ተጠጋሁ። ደግሞ ከማን ጋር ቆመው ነበር ተብለው ቢጠየቁስ ብዬ ፈራሁ፤ ነጠላዬን ወደ ፊቴ ሳብ አድርጌ መንገዱን ተሻገርኩ።