በማንኪያ የሚሰጥ ውሃ

በደርግ ጊዜ ከቢቸና ወጣ ብላ በምትገኝ አንዲት ትንሽ ክሊኒክ ነርስ ነበርኩ። ከእኔ ሌላ የነበሩት ባለሙያ በዕድሜ የገፉ አንድ ድሬሰር ብቻ ናቸው። ጋሼ እላቸዋለሁ።

አንድ ሰሞን ሞጣ ለሥልጠና ሄደው ሲመለሱ የተባዛ ወረቀት ይዘው መጡ። ተቅማጥ የያዘውን ሕፃን የስኳርና የጨው ውሃ እንደሚያድነው፣ ጡትም ማቋረጥ እንደማይገባ በጥናት ተረጋግጧል ይላል።

«ጋሼ፣ ይህን ያጠናው ሰው የእኛን ወረፋ አላየም» አልኩና ወረቀቱን መዝገቡ ሥር ሸጎጥኩት።

አለማመን ብቻ አልነበረም፤ ደክሞኝ ነበር። ጠዋት ክትባት፣ ከዚያ ወረፋ፣ ከሰዓት ስብሰባ። ከአንዲት እናት ጋር በማንኪያ ሲያጠጡ ለመዋል ጊዜው ከየት ይምጣ? መርፌ ወግቶ መሸኘት ይቀላል። እናቶቹም የሚወዱት እሱን ነው።

ክረምት ላይ በደም ሥር የምንሰጠው ግሉኮስ አለቀ። በዚያው ሳምንት ከሩቅ መንደር አንዲት ሴት ዓይኑ የሰረጎደ ሕፃን አዝላ መጣች። የሚሰቀልለት ነገር እንደሌለ ስነግራት፣ ጋሼ ከቤታቸው የራሽን ስኳራቸውን አምጥተው ከጨው ጋር ፈልቶ በቀዘቀዘ ውሃ በጠበጡ።

«መርፌ ውጉልኝ እንጂ! ውሃማ ቤቴም ሞልቷል» አለች ሴትዮዋ።

«የኔ ልጅ፣ ዛሬን ብቻ እመኚኝ» አሏት። አጠገቧ አግዳሚው ላይ ተቀምጠው በማንኪያ ጠብ ያደርጉለት ጀመር። ሲያስመልሰው ጥቂት ይቆዩና እንደገና። እኔ ወዲያ ወዲህ እያልኩ፣ በከንቱ ምን ያደክማቸዋል እላለሁ በልቤ።

ወደ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ ሴትዮዋ ጮኸች። ያበቃለት መስሎኝ ሮጥኩ። ለካ ልጁ ተቋርጦ የነበረው ሽንቱ መጥቶ ቀሚሷን አርሶት ኖሯል። ሳቋና ለቅሶዋ ተደባለቀ። ጋሼ ማንኪያውን ለእሷ ሰጥተው እጃቸውን ሊታጠቡ ሄዱ።

እኔ ደስ አላለኝም። መርፌ ወግቼ የሸኘኋቸው ልጆች ናቸው የታዩኝ። ቤታቸው ደርሰው ምን እንደሆኑ ጠይቄ አላውቅም።

«ለምን አልተቆጡኝም?» አልኳቸው ልንወጣ ስንል።

«ሲስተር፣ እኔ ራሴ ሃያ ዓመት ሙሉ ጡት ሳስከለክል ኖሬያለሁ» አሉኝ።

ከዚያ ወዲህ እኔም ከእናቶቹ ጋር ቁጭ ብዬ በማንኪያ ማጠጣቱን ማሳየት ጀመርኩ። ወረፋው አላጠረም፤ ድካሙም አልቀነሰም። ኋላ ሞጣ ስዛወርም ብዙዎቹ እናቶች በመሀል ተነሥተው መርፌ ፍለጋ ይሄዱብኝ ነበር። የቀሩትን ይዤ እውላለሁ።